ካልሲ ያጠለቁ ጠርሙሶች

ነይ ግቢ፣ የኔ ልጅ። ደረጃው አደከመሽ አይደል? አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ስወጣውና ስወርደው ቆጥሬዋለሁ። ኧረ እዚያ ወንበር ላይ አትቀመጪ፣ እግሩ ይነቃነቃል። ይሄኛው ይሻላል። ዝናቡ አገኘሽ እንዴ? የልብስሽን ጫፍ ብቻ ነው የነካው፣ ደግ። ጫማሽ ደግሞ እንዴት ያምራል! ለሠርጉም ይሄን ነው የምታደርጊው? አይሆንም፣ አይሆንም፤ ለሠርጉ ተረከዙ ዝቅ ያለ ፈልጊ። እዚህ አዳራሽ ስንት ሙሽራ አይቻለሁ መሰለሽ… ባል ካስለቀሳቸው ጫማ ያስለቀሳቸው ይበዛሉ።

እሳቸው? በመስኮቱ በኩል ጋዜጣ የያዙት? የግዢ ኃላፊያችን ናቸው። ምንም አይደል፣ እንደ ልብሽ አውሪ፤ እሳቸው ማንበብ ከጀመሩ ጣሪያው ቢወርድ አይሰሙም። ያንን ገጽ ከያዙት ራሱ ሩብ ሰዓት አልፏል… ማንበብ እንዲህ ነው እንጂ፣ እስኪገባ ድረስ! እኔ ብሆን እስካሁን አምስት ገጽ ገልብጬ አንዱም አይገባኝም ነበር።

እሺ፣ ወደ ጉዳያችን። መቶ ሃያ እንግዳ ነው ያልሽኝ በስልክ? የምትፈልጊው ደግሞ ሻምፓኝ… ማለቴ አረፋ ያለው ወይን፤ ሁሉንም ሻምፓኝ ማለት ለምዶብን ነው። ለደስታ መግለጫ አንድ አንድ ብርጭቆ ከሆነ፣ አንድ ጠርሙስ ለስድስት ሰው ይበቃል። ሃያ ጠርሙስ ማለት ነው። ሦስት ጨምሪበት፤ የሚደፋ አለ፣ ሁለቴ የሚያስቀዳ አጎት አለ። ጥሩ ይሁን፣ ዋጋው ግን አያስደንግጥ ነው ያልሽው አይደል? ታዲያ ይሄን ለመናገር ምን ያሽኮረምምሻል? ጤነኛ ሰው የሚጠይቀው ይሄንኑ ነው። እዚህ ቤት ግን… ተዪው። እዚህ ቤት እኔ «ይሄ ርካሽ ነው፣ ጥሩም ነው» ስል ቆጣቢ እባላለሁ። ያንኑ ነገር ሌላ ሰው ሲለው ጥበብ ይባላል።

አማትሽ ናቸው እንዴ የሚያስጨንቁሽ? አንገቱ ወርቅ የሆነውን ነው የሚፈልጉት? ገባኝ። እንግዲህ ልብ ብለሽ ስሚኝ። አንገቱን አትዪ። ያ ወርቅ መሳይ ወረቀት፣ ያ ጥብጣብ፣ ያ ማኅተም የሚመስለው ነገር ሁሉ የሚጠጣ አይደለም። ጠርሙሱ ሲከብድም አትደንግጪለት፤ የሚከብደው መስታወቱ ነው፣ ወይኑማ ያው ነው። አንዳንዱ ውበቱ ሁሉ አንገቱ ላይ ነው… እንደ አንዳንድ ሰው ክራባት። ኧረ እሳቸውን አላልኩም! የእሳቸው ክራባትማ በጣም ነው የሚያምረው። ኃላፊ ከሆኑ ወዲህ ይሄ ሰባተኛው ነው፣ ከስድስቱም ይሄ ይበልጣል።

ለአማትሽ መላ አለው። አስተናጋጆቻችን ጠርሙሱን በነጭ ፎጣ ጠቅልለው ይቅዱላቸው። ወረቀቱ ካልታየ ሁሉም ወይን ከትልቅ ቤት የመጣ ነው። ሰው የሚጠጣው ባየው ልክ እንደሆነ እኔ በዚህ ሥራ ነው የተማርኩት።

ከዚያ አረፋው ከየት መጣ ብለሽ ጠይቂ። ሰው ይሄን አይጠይቅም፤ ዋናው ግን እሱ ነው። አንዱ እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ፣ ጨለማ ቤት ተጋድሞ፣ ዓመት ሁለት ዓመት ተብላልቶ ያመጣው አረፋ ነው። ደቃቅ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ግን ከብርጭቆው ሥር እየተነሣ ይቆያል። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል «ጠርሙሱ ውስጥ የተብላላ» ብሎ ይጽፍልሻል፤ መነጽር ይፈልጋል እንጂ አለ። ሌላው በትልቅ ታንከር ተብላልቶ የሚታሸግ ነው፤ እሱም አይከፋም፣ ቶሎ ለሚጠጣ ደስ ይላል። ሦስተኛው ግን… ተራ ወይን ነው፣ ከውጭ ጋዝ ይነፉበታል። ሲከፈት ጩኸቱን ብትሰሚ! ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል፣ ያጨበጭብለታል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ዝምታውን ብትሰሚ… መጥፎ ነው አላልኩም። ተነፍቶ ከፍ ያለን ነገር መጥፎ ነው ብዬ አላውቅም፤ ሥራዬን እፈልገዋለሁ።

ስሙ የገነነ መንደርም አትከተዪ። ከገነነው መንደር ማዶ ያለውን ተራራ ጠይቂ፤ ያው ፀሐይ፣ ያው አፈር፣ ያው ልፋት ነው፤ የጎደለው ስም ብቻ ነው። ለስም የሚከፈለውን ለጫማሽ አድርጊው። ደረቁን ውሰጂ፣ ስኳር የበዛበትን ተዪ፤ ስኳር ሲበዛ አንድ የሚሸፍነው ነገር አለ ማለት ነው። ሰውም እንዲሁ ነው። ሲያገኘኝ ሁልጊዜ «እናቴ፣ እናቴ» የሚለኝ አንድ ሰው ነበር…

አከፋፈቱንም ላሳይሽ፣ አጎቶችሽ ሰው እንዳያቆስሉ። ሽቦውን ትፈቺና ቡሹን አጥብቀሽ ትይዣለሽ፤ የምታዞሪው ጠርሙሱን ነው፣ ቡሹን አይደለም። ቀስ… ቀስ… መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ብቻ ይወጣል። ይሄን ያስተማርኩት አንድ አስተናጋጅ ነበር። ጎበዝ ነበር፣ ቶሎ ይገባዋል። የመጀመሪያው ቀን ብቻ ቡሹን ሲያዞር አመለጠው። ያቺን ጣሪያው ላይ ያለች ክብ ጠባሳ አየሻት? ከመብራቱ አጠገብ። ሁለት ጊዜ ቀለም አስቀባናት፣ ተመልሳ ትወጣለች። እዪ፣ እሳቸውም ቀና አሉ! ጋዜጣው ስለ ጣሪያ ጽፎ ይሆናል።

ያ አስተናጋጅ ኋላ ትልቅ ሰው ሆነ። ስሙን አልጠራልሽም፣ ሰውን በሌለበት ማማት አልወድም። ይሄን ያህል ግን ልንገርሽ… አፍንጫው! እንዲህ ያለ አፍንጫ ይሄ ቤት አይቶ አያውቅም።

እንዴት ታወቀ መሰለሽ? አንድ ልማድ አለን። በዓመት አንድ ቀን ስድስት ዓይነት ጠርሙስ እናወጣና፣ ወረቀቱ እንዳይታይ የወንድ ካልሲ እናጠልቅላቸዋለን። አትሳቂ፣ የታጠበ ካልሲ ነው! ከረጢት ይንሸራተታል፣ ፎጣ ይፈታል፤ ካልሲ ግን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። የማጥለቁ ሥራ የኔ ነው። ትልቁ አለቃችን፣ የወጥ ቤቱ አለቃና የአስተናጋጆቹ አለቃ ይቀመጣሉ፤ እኔ ከየካልሲው እቀዳለሁ፤ እነሱ ቀምሰው የዓመቱን ወይን ይመርጣሉ። ካልሲው የሚወልቀው በመጨረሻ ነው።

ያ ሰው፣ ያኔ የአስተናጋጆቹ አለቃ ሆኖ፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ ውዱን ጠርሙስ ሳይስት አወጣው። «ይሄ ነው!» ይላል፤ ካልሲው ሲወልቅ እሱው! አለቃችን ጭናቸውን እየመቱ ይስቃሉ፣ እኛ እናጨበጭባለን። እኔ በበኩሌ አድናቂው ነበርኩ። አንድ ነገር ብቻ… እንዲያው ሞኝነቴ ነው። ያ ውዱ ጠርሙስ ሆደ ሰፊ ነው፤ ከስድስቱ ካልሲ የምትበቃው አንዲት ግራጫ የሱፍ ካልሲ ብቻ ነበረች። ሌላው አይገባለትም። ስለዚህ በየዓመቱ እሷኑ ነበር የማጠልቅለት። እኔ ራሴ ይሄን ልብ ያልኩት በሦስተኛው ዓመት ነው። እሱስ ልብ ብሎት ይሆን? ምን ቆርጦኝ እጠረጥረዋለሁ? እንዲህ ያለ አፍንጫ ይዞ ካልሲ ምን ያደርግለታል?

እኔ ደግሞ በነዚያ ዓመታት የምሟገትላት አንዲት ጠርሙስ ነበረችኝ። ከታችኛው መደርደሪያ፣ ቀጭን፣ አንገቷ ላይ ምንም የሌላት፣ ማንም ስሙን ከማያውቀው ተራራ የመጣች፣ እዚያው ጠርሙሷ ውስጥ የተብላላች። ዋጋዋ የውዱን ሩብ አይሞላም። «ይቺን እንያዝ፣ እንግዳ ይወዳታል» እላለሁ። ያ ሰው አንድ ጊዜ አሸተታትና «ይሄማ የእግር መታጠቢያ ነው» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ? አፍንጫ ተናግሯል።

አምና ምን ሆነ መሰለሽ። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ሥራ በዝቶብኝ ሲያይ ካልሲዎቹን ሰብስቦ አጠበልኝ። በሙቅ ውኃ! ሱፍ በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ደግ ሰው… ግራጫዋ ተኮማትራ ተኮማትራ፣ በማግስቱ ሆደ ሰፊውን ላስገባባት ብል ትከሻው ላይ ቀረች። ሰዎቹ ደረጃውን እየወጡ ነው፣ ምን ጊዜ አለኝ? ለሆደ ሰፊው የባለቤቴን የብርድ ካልሲ አጠለቅሁለት። ግራጫዋ ደግሞ ልክ የሆነችው ለማን መሰለሽ? ለቀጭኗ።

ያ ሰው ተነሣ። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አየ… ማለቴ ብርጭቆዎቹን አሸተተ። ግራጫዋ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ። «የተጠበሰ ዳቦ» አለ። «ለውዝ» አለ። «ከኋላ ደግሞ ባሕር ይሸተኛል» አለ። ባሕር! የት አይቶት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። «ይሄን ወይን ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ፤ የትልልቅ ሰዎች ወይን ነው» አለና ብርጭቆውን ጭልጥ አደረገው። እኔ ካልሲዋን ያዝኩ። ሳወልቃት… የእግር መታጠቢያዋ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። እሱም ጸጥ አለ፤ በሕይወቴ ከእሱ የሰማሁት ጥሩ ነገር ያ ጸጥታ ብቻ ነው። አለቃችን ግን ዋጋዋን ሲያዩ ፊታቸው በራ! «አፍንጫ እንዲህ ነው! ስም አያይ፣ ዋጋ አያይ!» ብለው ብድግ ብለው አቀፉት። እሱም ትንሽ አሰብ አደረገና… «ከመጀመሪያውም አውቄያት ነበር» አለ። በሳምንቱ ሹመት መጣለት። ያ ወንበር ሁለት ዓመት ሙሉ «ያንቺ ነው፣ ጠብቂ» ሲባልልኝ የቆየ ነበር፤ ግን እኔ ምን አፍንጫ አለኝ? እኔ ያለኝ ካልሲ ነው። ዛሬ የመጠጥ ዝርዝራችንን ብታዪው ከቀጭኗ ስም ሥር «የባለሙያ ምርጫ» ተብሎ ተጽፏል።

አልዋሽሽም፣ ከፋኝ። ምድር ቤት ወርጄ ከጠርሙሶቹ መሃል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሦስት ዓመት የለመንኩላትን እሱ በአንድ ስህተት… ግን ተዪው። ዋናው እንግዳው ጥሩ ነገር መጠጣቱ ነው፣ ጠጥቷል።

ከዚያ ወዲህማ ዝናው ጨመረ። ባለፈው ወር አንድ ጠርሙስ ቡሹ ተበላሽቶ፣ ወይኑ እርጥብ ካርቶን ሸተተ። እንግዳው ፊቱን አጨፈገገ። ያ ሰው ጠጋ ብሎ አሸተተና ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይሄ ዝናብ የመታው ደን ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚገኘው!» እንግዳው አመስግኖ ጠጣው። አየሽ ችሎታ? እኔ ብሆን ጠርሙሱን ቀይሬ ይቅርታ ነበር የምጠይቀው። ይሄው ነው ያላሳደገኝ።

ዛሬም ቀኑ ነው፣ አሥር ሰዓት ላይ። ዘንድሮ ደግሞ ልዩ ነው። ያ ሰው በአለቃችን ፊት «የራሴን ምርጫ ከስድስቱ መሃል ቀምሼ አወጣታለሁ» ብሎ ቃል ገብቷል። ማን ጠየቀው? ማንም። በራሱ ነው። በራስ መተማመን ማለት ይሄ ነው! ይሄን አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን ቁልፍ አየሽ? የምድር ቤቱ የመጠጥ ክፍል ቁልፍ ነው፤ ሃያ አንድ ዓመት ከኔ ጋር ውሎ ከኔ ጋር አድሯል። ትናንት «ምላሷ አርጅቷል፣ ቁልፉን ታስረክብ» የሚል ሐሳብ ቀረበ። ማን አቀረበው አትበዪኝ። አለቃችን ደግሞ ፍርድ አዋቂ ናቸው። «ነገ ምርጫውን ካወጣት ቁልፉ ለእሱ ይሁን፤ ካላወጣት ባለበት ይቆያል፣ ሹመቱንም እንደገና እናየዋለን» አሉ። ስለዚህ ይሄ ቁልፍ ማታ አንገቴ ላይ ይኑር አይኑር በአንድ ሰው አፍንጫ ነው። ምን ያስፈራኛል? ታማኝ አፍንጫ ነው።

ነይ እስቲ ላሳይሽ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተሸፍነው ያሉት ናቸው። ጨርቁን ትንሽ ገለጥ ላድርግልሽ… አየሻቸው? ስድስት ጥቁር ካልሲ። አዲስ ናቸው፣ ትናንት ነው የገዛኋቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ተለጣጭ፤ ለቀጭኑም ለሆደ ሰፊውም ልክ ይሆናሉ። ቅርጻቸው እንዳይለይ ደግሞ ከውስጥ ጋዜጣ ጠቅልዬባቸዋለሁ። የሳምንቱን ጋዜጣ ሁሉ ጨረስኩት፤ የዛሬውን ብቻ ነው ለእሳቸው ያስተረፍኩላቸው። የሚቀዱትም አለቃችን ራሳቸው ናቸው፣ ያ ሰው የኔን እጅ ሲያይ ሐሳቡ እንዳይበተን ብዬ። ለእሱ ብዬ ነው ይሄን ሁሉ። እንዲህ ያለ አፍንጫ በካልሲ ሊታማ ይገባዋል?

ምነው? ጋዜጣው ወደቀባቸው? አንሺላቸው እስቲ… አይ፣ አነሡት። ተገልብጦባቸዋል፣ ግን ተዪያቸው፤ እስካሁንም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ግራጫዋ? ጥሩ አስታወስሽኝ! ይኸው መሳቢያዬ ውስጥ አለች። ይቺ ደግሞ ቀጭኗ ናት። ሃያ ሦስቱን ከማዘዝሽ በፊት አንዷን ይዘሽ ሂጂና ቤትሽ ቅመሺያት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስት ሰዓት፤ በረዶ መሥሪያው ውስጥ ግን እንዳትከቺያት፣ ትፈነዳለች። በተራ የወይን ብርጭቆ ቅጂና ግማሹን ጠጥተሽ ግማሹን ተዪው። ከአማትሽ ጋር ትንሽ አውሪ። አረፋው ሙሉ በሙሉ ሲሄድ ተመለሺና ቅመሺው፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ነው ወይኑ። ጥሩ ከሆነ ሳትጠራጠሪ እዘዢ። አረፋው ሄዶ ምንም ካልቀረ ግን… እንዲህ ያለውን ሲሾሙት ነው ያየሁት እንጂ ሲጠጡት አላየሁም።

ቆይ፣ ግራጫዋን ላጥልቅላት፣ መንገድ ላይ እንዳትሰበርብሽ። ልክክ አለች አይደል? መልሺልኝ አልልሽም፣ የሠርግ ስጦታዬ ትሁን። ሰው ያሾመች ካልሲ ናት፣ ዕድለኛ ናት። ስትወጪ በመስኮቱ በኩል እለፊ፤ እሳቸውም አንቺንም እሷንም ይሰናበቱ።

ዱካ ሰማሽ? አለቃችን ናቸው፤ አሥራ አንደኛው ደረጃ ላይ ሁልጊዜ ቆም ብለው ይተነፍሳሉ። አሥር ሰዓት ሆነ ማለት ነው። በይ ሂጂ፣ ዝናቡ ሳይመለስ። ትዳርሽን ይባርክልሽ፤ ጩኸት የሌለበት፣ ከሥሩ እየተነሣ የሚቆይ ደስታ ይስጣችሁ።

ለዚያም ሰው ቢሆን መልካሙን ሁሉ ነው የምመኝለት፣ ቂም አልያዝኩም። ሰው ሁሉ «አፍንጫህን ይባርክልህ» ይለዋል፤ ስለማያውቁት ነው፣ አይፈረድባቸውም። እኔ ግን አራት ዓመት ፊት ለፊቱ ቆሜ የቀዳሁለት ሰው ነኝ፣ የሚያስፈልገውን አውቃለሁ። አምላክ ዓይኑን ይጠብቅለት። አሜን በይ እንጂ፣ የኔ ልጅ።